የሰሊጥ ዘመንና የወንዟ ሙሽራ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከተማችን ከአዘዞ ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ዳር የተኮለኮሉ ጥቂት የሣር ቤቶች ነበረች። ሲመሽ ሁሉም በሩን በጊዜ ይዘጋል፤ እኛ ልጆች ደግሞ እሳቱን ከበን የእናቴን አጎት አያ አድማሱን እናዳምጣለን። አያ አድማሱ በጉልምስናቸው በአህያ እህል ጭነው ቆላ ሲመላለሱ የኖሩ፣ በእርጅናቸው እኛ ቤት የተጠጉ ሰው ነበሩ።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምንፈራው የወንዟን ሙሽራ ነበር። አንድ ደገኛ ሀብት ፍለጋ ከባልንጀራው ጋር ቆላ ይወርዳል፤ ሲመሽ ደክሞት ወንዝ ዳር፣ ነፋሱ ደስ ከሚልበት ይተኛል። ያኔ ሙሽራዋ ከሸምበቆው ውስጥ ትወጣና በጆሮው ሥር በቀጭን ድምፅ ትዘፍንለታለች። ቆጥ ሠርቶ ከፍ ብሎ የተኛው፣ ከሥሩም ጭስ ያጨሰው ባልንጀራው በደህና ያድራል፤ ያኛው ግን መንቀጥቀጥ ይይዘዋል፣ ከዚያ ወዲያ አይነሣም። እናቱ በር በሩን ስታይ ተረቱ ያልቃል። አያ አድማሱ እዚህ ሲደርሱ ፍሙን በእንጨት ያገላብጡታል፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን ያስነባዋል፣ ከእኛም መሐል ብቻውን ወደ ደጅ የሚወጣ አይገኝም።

ከዚያ ሰሊጥ መጣ። ዘይቱ በውጭ አገር ተፈላጊ ሆነ ተባለና ቆላው በትራክተር ይታረስ ጀመር። ዓይናችን እያየ የሣር ቤቶቹ በቆርቆሮ ተተኩ፤ መጋዘን፣ ጠጅ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ የዘይት መጭመቂያም ተከፈተ። ሰሊጥ ከደረሰ ፍሬው ሳይረግፍ ቶሎ መታጨድ አለበትና ከደጋው የሚወርደው ወጣት መንገዱን ሞላው። አባቴ ከቤታችን ጀርባ ረጅም አዳራሽ ሠርቶ እያስከፈለ ያሳድራቸው ነበር። ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን ጎን ለጎን ተጋድመው ተረቱን የሚሰሙት እነሱ ሆኑ፤ እኛ ልጆች ወደ ጥግ ተገፋን።

ሠራተኛ የሚያሰባስበው ካቦ አንድ ማለዳ ሲመጣ ግማሾቹ ወደየአገራቸው ተመልሰዋል። «ይሄ ሽማግሌህ ሰው እያስፈራራ ባዶ እጄን አስቀረኝ» አለው አባቴን። «ወይ ዝም ይበል፣ ወይ እኔ ሌላ ቤት አሳድራቸዋለሁ።»

አባቴ አልተቆጣም። ማታ አያ አድማሱ አጠገብ ቁጭ አለና «አያ፣ ምነው አንዳንድ ሸጋ ነገር ቢያወሩላቸው?» ብቻ አላቸው። አያ አድማሱ የሚጦሩት በአባቴ እጅ ነበር። ፍሙን በእንጨት እያገላበጡ ጀመሩ። ሰውየው ወንዝ ዳር ተኛ፤ ሙሽራዋ ዘፈነችለት፤ ሲነጋ በቅሎ ሙሉ ወርቅ ጭናለት እናቱ ደጅ ደረሰ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ታላቅ ወንድሜ ሞላም ከመሐላቸው ተቀምጦ አጨበጨበ።

በማግስቱ ሞላ አብሯቸው ወረደ። እናቴ እስከ መኪናው ተከትላ ስታለቅስ «እማ፣ ምነው? ለኅዳር ሚካኤል እኮ እመጣለሁ» አላት።

መርዶውን ያመጣው አብሮት የወረደ ልጅ ነው። ጉንጩ ሰርጉዶ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። «ንዳድ ነው፣ የቆላ ወባ» አለ። «ወንዝ ዳር ነበር የምንተኛው። ነፋሱ ደስ ይላል ብሎ ቦታውን የመረጠው ሞላ ነው።» አያ አድማሱ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። እኔ በለቅሶው አላለቀስኩም። ሰው ደረቱን ሲመታ እኔ የዘይት መጭመቂያው ለምን ዛሬም እንዳልቆመ አስብ ነበር። ደንዝዤ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም እንደዚያው ቆየሁ።

ሐዘንተኛው ሲበተን ሌሎች ወጣቶች መጡ፤ አባቴም አስገባቸው። ማታ ተረት አምጡ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ አያ አድማሱ ግን ራሳቸው የወንዟን ሙሽራ ጀመሩ። «ከዚያ መንቀጥቀጥ ያዘው» ሲሉ ያኔ የድሮውን፣ እውነተኛውን መጨረሻ ሊነግሯቸው እንደሆነ ገባኝ።

«አያ» አለች እናቴ፣ ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆማ። «እንደሱ አይደለም። ተመልሶ ይመጣል። የሚመጣበትን ያውሩልኝ።»

ድምጿ ውስጥ ለቅሶ አልነበረም። አያ አድማሱ እሷን አዩ፣ የተጋደሙትን ወጣቶች አዩ። አባቴ ዞሮ የፋኖሱን ክር ያስተካክል ነበር። ከዚያ ሰውየውን ከእንቅልፉ አስነሡት፣ በቅሎውን ጫኑለት፣ እናቱ ደጅ አደረሱት። እናቴ እስኪያልቅ ቆማ ሰማች። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፤ ሲነጋ በመኪና ተጭነው ቁልቁል ወረዱ። ከእነሱ ስንቱ እንደተመለሰ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ዘመን ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የሞላን ፊት እንኳ አጥርቼ አላስታውሰውም። ያ መጨረሻ ግን ቃል በቃል አብሮኝ አለ። አያ አድማሱ ካረፉ በኋላ ለእናቴ የማወራላት እኔ ነበርኩ፤ እሷ እስክትሞት ድረስም አንድ ማታ እንኳ ሰውየውን ወንዝ ዳር ትቼው አልመጣሁም።