አክስቴ በፊርማዋ ያስከለከለችው የስፌት መኪና

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ ስትሰፋ ኖራ፣ በመጨረሻ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ገዛች። መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ብርሃኑ መርፌው ላይ ሲያርፍ ስታይ፣ «እንግዲህ ከዚህ የሚያስነሣኝ ሞት ብቻ ነው» አለች። የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ረስታ ነው።

ቤቱን የገዛች ዕለት «የማኅበሩን ደንብ አንብቤ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ፈርማለች። ደንቡ የት እንዳለ ብትጠይቅ ሻጩ፣ «እሱ ኋላ ይደርስሻል፣ አንቺ ብቻ ፈርሚ» አላት። ይኸው ሦስት ዓመቱ፤ አልደረሰም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደረጃው ሥር ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «በቤት ውስጥ ድምፅ ያለው ሥራ መሥራት ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ክልክል ነው። ውሳኔው በነዋሪዎች ሙሉ ድጋፍ ጸድቋል።» አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። መኪናዋ ቆመ ማለት ኑሮዋ ቆመ ማለት ነው።

ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ወረደች። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው፤ ሰላም ሲሉ እንኳ አንቀጽ ስለሚጠቅሱ ሕንፃው በሙሉ «ጋሽ አንቀጽ» ይላቸዋል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማነው የደገፈው?»

«አንቺ ነሻ!»

መዝገቡን ገልጠው አሳዩዋት። ባለፈው ስብሰባ በር ላይ የዞረው የስም ወረቀት ከውሳኔው ጀርባ ተያይዟል። አራተኛው መስመር ላይ የእሷ ፊርማ አለ።

«እኔ እኮ መምጣቴን ነው የፈረምኩት! ደግሞ ያን ቀን በውኃ ታንከሩ ስትጨቃጨቁ ዋላችሁ እንጂ ስፌትን ማን አነሣ?»

«‹ልዩ ልዩ ጉዳዮች› ሥር ታይቷል።»

«ማን አየው?»

«ኮሚቴው።»

«በሉ ደንቡን አምጡልኝ።»

ጋሽ አንቀጽ ክው አሉ። በዘጠኝ ዓመት ሰብሳቢነታቸው ደንቡን የጠየቃቸው ሰው የለም። «ደንቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ጸሐፊዋ ጋ ነው። ጸሐፊዋ ደግሞ ቤቷን ሸጣ ሄዳለች።»

አክስቴ ለሱሪ ልክ እንደምትወስድ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና ቁልፍ ሠሪ ጠርታ መጣች።

ደንቡ ዐሥራ አራት ገጽ ነው። ጣቷን እያስኬደች አንብባ ዋናዎቹ ቦታዎች ላይ ስፒል ሰካችባቸው፦ ማንኛውም ገዢ የደንቡን ቅጂ የማግኘት መብት አለው፤ ማንኛውም አዲስ ውሳኔ የሚጸናው አጀንዳው ከሰባት ቀን በፊት ተነግሮ፣ ከባለቤቶቹ ሁለት ሦስተኛው እጅ አውጥተው ሲደግፉት ነው። በር ላይ መፈረም መደገፍ ነው የሚል አንድም መስመር የለም።

ቅጂ አስነሥታ ቤት ለቤት ዞረች። የቀድሞ ውሳኔዎች መዝገብም ተገለጠ። ምድር ቤት ያለው የሒሳብ መምህር አምና በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት እንዲከለከል «መደገፉን» ያን ዕለት ሰማ፤ ልብስ አስጪዋ ሚስቱም አጠገቡ ቆማ ሰማች።

«ለካ አንተ ነህ!»

«ኧረ እኔ መምጣቴን ነው...»

በስምንተኛው ቀን ግቢው ውስጥ ስብሰባ ሆነ፤ በሕጉ የተነገረ፣ አጀንዳውም አንድ። የስም ወረቀቱ ሲዞር ማንም አልነካው።

«እስቲ ጀርባውን አሳዩን» አለች የመምህሩ ሚስት።

«ባዶ ነው እኮ እመቤቴ!»

«የሚያስፈራውስ ባዶነቱ አይደል?»

ጋሽ አንቀጽ ላባቸውን እየጠረጉ የመጡትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ጻፉ። «ክልከላው ይጽና የምትሉ?» ሁለት እጅ ወጣ። አንደኛው የራሳቸው ነው፤ ሁለተኛው የምክትላቸው፣ እሱም ዙሪያውን ቃኝቶ ጆሮውን አከከበት። ክልከላው ቀረ።

ሰዉ ሞቅ አለው። «ጸሐፊ ትሁንልን!» አለ አንዱ፤ ግቢው ሙሉ እጅ ሆነ። ጋሽ አንቀጽ ሳይቀሩ አወጡ።

አክስቴ ቀይ ስፒል የሰካችበትን ገጽ ገለጠች። «ይሄ አጀንዳ ከሰባት ቀን በፊት አልተነገረም» አለች። «አይጸናም።»

እነሱ ደንቡን እየተቀባበሉ ሲያነቡ እሷ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ መኪናው ሲንደቀደቅ እስከ ግቢው ተሰማ፤ ማንም ቀና አላለም፣ ሁሉም እያነበበ ነበር።