ከገርቢው ጥላ ሥር የበቀለው ገብስ

ልጅ ሳለሁ በቤታችን እራት የሚበላው በብርሃን፣ ተረት የሚሰማው ግን በጨለማ ነበር። የመጨረሻው ጉርሻ እንደተዋጠ እናቴ ጋዝ ለመቆጠብ ኩራዙን እፍ ብላ ታጠፋዋለች፤ ያኔ የሚታየን ምድጃው ውስጥ ያለው የኩበት ፍም ብቻ ይሆናል። ከላሊበላ ቁልቁል በሚወርደው የእኛ ሸለቆ እንጨት ብርቅ ስለነበር የምናነደው የከብት እበት ነበር። ጭሱ ዓይን ይለበልባል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ልብስ ላይ ይቀራል። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስንገናኝ ሁላችንም የምንሸተው አንድ ዓይነት ስለነበር አንዳችን ሌላውን ሸተትክ ብሎ የሚያሾፍበት ምክንያት አልነበረንም።

ተራቿ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ጥሩ ነበረች። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአጥራችን ማዶ ባለችው ጎጆ ብቻዋን ትኖርና ሲመሽ ወደ እኛ ትመጣለች። ምላሷ ሰው አይምርም፣ ሳቋ ግን ቶሎ ይቀድማት ስለነበር የተቀየማት ሰው ብዙ አይቆይም። በጨለማም ቢሆን እጇ ሥራ አይፈታም፤ የደረቀ ባቄላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በዳሰሳ ትፈለፍላለች። ተረቱ አስፈሪው ቦታ ላይ ሲደርስ ያጠራቀመችውን ገለባ ወደ ፍሙ ትወረውረዋለች፤ ቤቱ ለቅጽበት ቦግ ይላል፤ ያኔ የእሷን ፊት፣ የታናሽ ወንድሜን የተከፈተ አፍና ጀርባውን ሰጥቶን የተኛ የሚመስለውን አባቴን አያለሁ። እኔ ይህን የምታደርገው ሆን ብላ መሆኑን የነቃሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ከተረቶቿ ሁሉ ደጋግመን የምናስነግራት የገርቢውን ነበር። ገርቢ የግራር ዘመድ የሆነ እሾሃም ዛፍ ነው፤ ጠባዩ ግን ከሌላው ዛፍ የተገላቢጦሽ ነው። በጋ ምድሩ ሲነድ እሱ ይለመልማል፤ ክረምት ገብቶ ዓለም ሲለመልም ደግሞ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል። እትዬ ጥሩ እንደምትለው፣ ፈጣሪ ለዛፎች ልብስ ሲያድል ሁሉም የክረምቱን ልብስ ለመውሰድ ተጋፍተው ሮጡ። ገርቢም ከሁሉ ፊት ይሮጥ ነበር። መንገድ ላይ ግን ገብስ የሚባል ትንሽ ልጅ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አገኘው። ምን ሆነሃል ቢለው፣ ትልልቆቹ ሁሉ ክረምቱን ከለበሱ እኔ ፀሐይ ከየት አገኛለሁ፣ በምን አድጋለሁ አለው። ገርቢ ልጁን ሲያባብል ዘገየና ሲደርስ የክረምት ልብስ አንድ ብቻ ቀርቶ አገኘ። እጁን ዘርግቶ ሊቀበል ሲል ልጁ ትዝ አለው። «ግድ የለም፤ እኔ በጋውን እለብሳለሁ፤ ክረምቱን ራቁቴን ልቁምና ይሄ ልጅ ይደግ» አለ። ታናሽ ወንድሜ ሁልጊዜ እዚህ ላይ አይበርደውም ወይ ብሎ ይጠይቃታል። «ይበርደዋል እንጂ፤ አንተ ብቻ ነህ እንዴ የሚበርድህ?» ትለዋለች።

ይህ ዛፍ የተረት ዛፍ ብቻ አልነበረም። ባሏ በተወላት መሬት መካከል፣ ከቤታችን ቁልቁል ሲታይ፣ አንድ ትልቅ ገርቢ ነበር። እትዬ ጥሩ በሬ ስላልነበራት መሬቷን ለአባቴ እኩል ሰጥታዋለች፤ እሱ በበሬዎቹ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ምርቱ አውድማ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይካፈላሉ። አንድ ዓመት ዝናቡ ጠግቦ ስለዘነበ ከዛፉ ሥር ያለው ገብስ ከሌላው ይልቅ ረዝሞ፣ ከብዶት፣ መሬት ላይ ተኛ። ግማሹ በሰበሰ፤ የቀረውን ወፍ ጨረሰው። አባቴ ይህን አልረሳም። ንጹሕ እርሻ የሚወድ፣ የማረሻው ፈር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ካላለ እንቅልፍ የማይወስደው ገበሬ ነበርና፣ ያንን ዛፍ መሀል ላይ ባየው ቁጥር ያንገሸግሸው ነበር።

በተከታዩ ዓመት ግንቦት ላይ፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ምሳሩን ይዞ ወረደ። እኔና ወንድሜ ተከተልነው። እትዬ ጥሩ ቀድማን ደርሳ ከዛፉ ሥር ቆማ ነበር፤ ማን እንደነገራት አላውቅም።

«እትዬ፣ ይሄ ዛፍ ዘንድሮ ይወድቃል» አላት አባቴ። «በሬዎቼን ያደናቅፋል፣ ሥሩ ማረሻ ይሰብራል፤ አምና ገብሱን እንዴት እንዳስተኛው አይተሻል። ከሰል አድርጌ ላሊበላ ልሽጠውና ማዳበሪያ እንግዛበት።»

«እስከ ዛሬ ይሄ ሰውዬ አይደል እንዴ ያዳበረልን?» አለች ግንዱን መታ እያደረገች።

«ተረትሽን ተይኝ» አለ አባቴ። «ተረት እህል አይሆንም። እነዚህንም ልጆች አታጃጅያቸው።»

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃሉ ግን ከአፉ ወጥቷል። የእትዬ ጥሩ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«እንግዲያው ዘንድሮ እኩሉን እንተወው። አሁን ጥላው ያረፈባት መሬት ለእኔ ትሁን፤ ሌላው ሁሉ ላንተ። ሲደርስ የየራሳችንን እናንሳ። ከከሰርኩ እኔው ልክሰር።»

አባቴ ጥላውን በዓይኑ ለካው። የመሬቱን ሩብ እንኳ አይሞላም። ለማዘን እየሞከረ ደስ ያለው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው።

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። አንተም ምሳሩን ይዘህ ውጣ።»

እኔና ወንድሜ ድንጋይ አቀበልናት፤ እሷ የጥላውን ጠርዝ እየተከተለች ዙሪያውን ደረደረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እኛ ቤት ማምሸቷን ተወች።

ያ ክረምት የረዘመብኝን ያህል የረዘመብኝ ክረምት የለም። ምሽት ሲሆን ጆሮዬ የአጥሩን በር ይጠብቃል፤ የሚመጣ ሰው የለም። እናቴ እንጀራ አስይዛ ስትልከኝ እትዬ ጥሩ ትስመኛለች፣ ስለ ትምህርቴ ትጠይቀኛለች፤ ተረት ንገሪኝ ስላት ግን «አባትሽ ይንገርሽ» ትለኛለች። አባቴም አንድ ምሽት በራሱ ፈቃድ ሞከረ። «አንድ ጅብ ነበር» አለ። ጠበቅነው። «አህያ በላ። በቃ፣ ተኙ።» እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ሆድ ባሰኝ። በልጅ አእምሮዬ ነገሩን ያሰብኩት እንዲህ ነበር፤ ገብሱ ከከሰረባት ዛፉ ይቆረጣል፣ ከተሳካላት ደግሞ አባቴ ይዋረዳል፣ በየትኛውም ቢሆን እትዬ ጥሩ ወደ ቤታችን አትመለስም። ስለዚህ በየቀኑ እርሻውን አይ ነበር፤ ምን እንዲሆን እንደምመኝ ግን አላውቅም ነበር።

ነሐሴ ሳያልቅ ዝናቡ ቆመ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲነጋ ትልልቆቹ ሰዎች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ከድንጋዩ ውጪ ያለው ገብስ ፍሬ ሊይዝ ሲል ነጣ፤ ዛላው ቀጥ ብሎ የቆመው ከብርታት ሳይሆን ከባዶነት ነበር። ከድንጋዩ ውስጥ ያለው ግን አረንጓዴነቱን እንደያዘ ቆየ። አፈሩን በጣቴ ስቆፍረው ከላይ ደርቆ ከሥር ርጥብ ነበር፣ መልኩም ከሌላው ጠቆር ያለ። በጋውን ሙሉ የሰፈሩ ከብት ገርቢው የሚያረግፈውን ፍሬ ሊለቅም እየመጣ ጥላው ሥር ይተኛ፣ እበቱንም እዚያው ይተው ነበር፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ቅጠሉ እላዩ ላይ ረገፈበት። አምና በጥጋብ የተኛው ገብስ ዘንድሮ በልኩ ቆመ። አባቴን ማለዳ ማለዳ እርሻው ዳር ቆሞ አየው ነበር። አንድም ቀን ስለዛፉ ክፉ አልተናገረም፤ ደግም አልተናገረም።

አጨዳው አልቆ ገብሱ አውድማ ሲወጣ ሁለት ክምር ሆነ። አባቴ ሁለቱንም ለየብቻ በበሬዎቹ አበራየ፤ ነፋስ ጠብቆ በላይዳው ወደ ላይ እየበተነ ፍሬውን ከገለባው ለየ። ከዚያች ጠባብ ቦታ የተነሳው የእሷ ክምር ከእኛ ሰፊ መሬት ከተነሳው ይበልጥ ነበር። የእኛ አብዛኛው ገለባ ሆኖ በነፋስ ሄደ። እናቴ የቀረውን አየችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው፤ እኛ አራት ነን፣ ያ እህል እስከ ትንሣኤ እንኳ እንደማያደርሰን ገብቷታል። እትዬ ጥሩ መጥታ ሁለቱን ክምር እያፈራረቀች ተመለከተች።

«ደሴ፣ ያንን ወደዚህ ቀላቅለው» አለችው አባቴን።

«ምኑን?»

«ገብሱን ነዋ። እንደ ወትሮው እኩል እንካፈል።»

አባቴ ላይዳውን መሬት ላይ አቆመ። «አይሆንም እትዬ። ቃል ተገባብተናል፤ ቃሌን አላጥፍም።»

«አንተ አታጥፍ። የማጥፈው እኔ ነኝ፤ በእኔ ቃል አንተ ምን አገባህ? ደግሞ ዛፉ ብቻውን አላረሰም። በሬዎቹም ጉልበቱም ያንተ ነው።»

አባቴ ላይዳውን አስቀመጠ። ከዚያ እንቅቡን አነሳ፤ የራሱን ገብስ እየሞላ በእሷ ክምር ላይ ይደፋው ጀመር።

በዚያው ቀን ሲመሽ የአጥራችን በር ሲጢጥ አለ። እትዬ ጥሩ ባቄላዋን በጨርቅ ቋጥራ መጥታ ከምድጃው ዳር ተቀመጠች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እናቴን ኩራዙን አጥፊው አለቻት። እኔ የገርቢውን ተረት እንድትነግረን ፈለግኩ፤ ለመጠየቅ ግን ፈራሁ። እሷም ያን አልጀመረችም፤ ስለ አንዲት ሰነፍ ዝንጀሮ ነገረችን። ገለባው ቦግ ሲል ወደ አባቴ ዞርኩ። ጀርባውን አልሰጠንም ነበር፤ ጉልበቱን አቅፎ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ያዳምጣል።

በሚቀጥለው ክረምት እርሻ ላይ ያየሁት ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ከብቶቹ የበሉት ፍሬ ዘር ከእበታቸው ጋር በየቦታው ስለሚወድቅ በየዓመቱ ጥቃቅን የገርቢ ቡቃያ ይበቅል ነበር፤ አባቴም በየዓመቱ በማረሻ ገልብጦት ያልፋል። በዚያ ዓመት ግን ከቡቃያዎቹ ጎን የሚተክለው የእንጨት ችካል ይዞ ወጣ። ችካሉ ጋ ሲደርስ በሬዎቹን ዞር ያደርጋቸዋል። ፈሩ መጣመም ጀመረ። ያ ቀጥ ያለ ፈር ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰውዬ የተጣመመ እርሻውን ትቶ ወደ ቤቱ ገብቶ ተኛ። ጎረቤቶቻችን ጠጥቶ ያርሳል እያሉ ሳቁበት። ጥቂት ዓመት ቆይተው እነሱም ፈራቸውን አጣመሙ። ቡቃያዎቹ ከሰው ቁመት ሲያልፉ በቀበሌያችን የነበረ የግብርና ባለሙያ መጥቶ የታችኛውን ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚመለምሉ አሳያቸው፤ የተመለመለው ለማገዶ በቃ፤ ምድጃ ውስጥ ይገባ የነበረው እበት ወደ እርሻ መመለስ ጀመረ። ዛሬ ቤታችን ሲገባ እንደ ድሮው ዓይን የሚለበልብ ጭስ የለም።

አሁን ላሊበላ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ ስለ አየር ንብረት ለውጥ፣ ዛፍና ሰብል አንድ መሬት ላይ ስለሚበቅሉበት የጥምር ደን እርሻ አስተምራለሁ። የገርቢ ሥር ውኃ ፍለጋ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚወርድ፣ የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን እንዴት እንደሚመግብ በሥዕል አሳያለሁ። ዝናቡ ከዓመት ዓመት ጠባዩ እየከፋ ነው፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። የእኛን ሸለቆ ከላይ ሆኜ ሳይ ግን እርሻዎቹ መካከል የቆሙትን ገርቢዎች አያለሁ፤ ያቆዩአቸውን ሰዎች ሳስብ ልቤ በኩራት ይሞላል። ማንም አላስገደዳቸውም። ያዩትን ነገር አምነው ከለመደው ሥራ እጃቸውን መለሱ፤ ያ ደግሞ ለገበሬ ከባዱ ነገር ነው።

እትዬ ጥሩ ካረፈች ቆየች። ተረቶቿን ብዙዎቹን ረስቻቸዋለሁ፤ ለራሴ ልጆች ስነግራቸው መሀሉ እየጠፋብኝ የራሴን እጨምራለሁ። አንድ ነገር ግን ጥርት ብሎ አለኝ። ያን ቀን አውድማው ላይ አባቴ የመጀመሪያውን እንቅብ ተሸክሞ ወደ እሷ ክምር ሲመጣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ያውም በሚስቱና በልጆቹ ፊት። እትዬ ጥሩ አየችው። እንዳየችውም ጀርባዋን ሰጠችን፤ ከመሬት ጭብጥ ገለባ አነሳች፣ እጇን ወደ ላይ ዘረጋችና ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ለማወቅ በትና በትና ታይ ጀመር። እሱ የመጨረሻውን እንቅብ እስኪደፋ ድረስ ፊቷን አላዞረችም። ገብሱ ከገለባው ተለይቶ አልቆ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ነፋሱ ለምንም አያስፈልጋትም ነበር።