መስታወቱ ላይ አልቆይ ያለ ካሜራ

ካሜራውን የገዛሁት በንዴት ነው። ኮሶዬ ላይ፣ ጉሙ መሬት ወርዶ በተኛበት አንድ ጠዋት፣ ከፊቴ ቆሞ የነበረ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ የመኪናዬን ፊት ጨፈለቀው። ሹፌሩ ወረደና ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም «ከኋላ መጥተሽ ገጨሽኝ» አለኝ። መንገድ ዳር ቁርስ የሚበሉትን ሰዎች መስክሩልኝ ብዬ ብለምን «ጉም ነው እህታችን፣ ምን ይታያል?» አሉኝ። ትራፊክ ፖሊሱ መጣ፤ ሁለቱን መኪኖች ዞሮ አየ፤ ጥፋቱን በእኔ ላይ ጻፈ። እኔ ግን ቆሜ ነበር። ብቻዬን ስለነበርኩ ይህን የሚያውቅልኝ ከአላህ በቀር ማንም አልነበረም።

ከጎንደር ጨርቃ ጨርቅ እየጫንኩ ወደ ደባርቅ ገበያ የምመላለስ ነጋዴ ነኝ። አባቴም በዚሁ መንገድ ይህንኑ ንግድ ነበር የሚሠራው። ያን ዕለት ከዚህ በኋላ ያለ ምስክር አልነዳም ብዬ ማልኩ።

ታናሽ ወንድሜ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ ካሜራውን ገዝቶልኝ መጣ። መዳፍ የማይሞላ ጥቁር ነገር ነው። ከጀርባው አጭር ክንድ አለው፤ በክንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ መስታወት ላይ ሲጫኑት የሚጣበቅ ክብ ጎማ። ወንድሜ ሱቁ በር ላይ ጎማው ላይ በትንፋሹ እፍ፣ እፍ አለበትና የፊት መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ምስክር አለሽ» አለኝ።

ምስክሩ አንድ ሌሊት እንኳን አላደረም። ጠዋት መኪናዬን ስከፍት ወለሉ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። መልሼ ለጠፍኩት። ከተማውን እስክወጣ፣ ድንጋይ ንጣፉ መኪናውን እያንቀጠቀጠው፣ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በምራቅ ሞከርኩ፤ በውኃ ሞከርኩ። ደባርቅ ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ አብራኝ ትጓዝ በነበረችው በእናቴ ጭን ላይ ዳገቱ መሀል ዘጭ ሲል፣ «ቢስሚላህ!» ብላ ዘለለች። በዚያ ወራት እናቴ እህቷ ታማባት ስለነበር በየሳምንቱ ከእኔ ጋር ትሄድ ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከጎኔ ስትቀመጥ ዓይኗ ከካሜራው አይነቀልም።

ቆላ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይይዝ ነበር። እዚህ ግን ጠዋት መስታወቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ጎማው ደርቆ ይቆረፍዳል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲወጣ ደግሞ ይለሰልስና ቀስ እያለ ይንሸራተታል። አቧራው በዚያ ላይ። ሰልችቶኝ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በሁለት በኩል የሚያጣብቅ ፕላስተር ገዛሁና ድርብርብ አድርጌ ለጠፍኩት። ይሄኛው ያዘ። እንዲያውም ከልክ በላይ ያዘ። ካሜራው ደግሞ ትቼው የምሄደው ነገር አይደለም፤ ገበያ ላይ መኪና ሳቆም ካልነቀልኩት መስታወቴን ሰብሮ የሚወስደው አይታጣም፤ ኬላ ላይም «ምንድን ነው የምትቀርጪው?» ይሉኛል፤ ስለዚህ ኬላው ሲቃረብ አስቀድሜ ማውረድ አለብኝ። ዳባት ላይ ፕላስተሩን በቢላዋ ስፈለቅቅ ክንዱን ሰነጠቅኩት። መስታወቱ ላይ የቀረው ሙጫ አቧራውን ለቅሞ ልክ ዓይኔ ትይዩ ላይ ጥቁር እድፍ ሆኖ ተቀመጠ። ስነቅለው አይነቀል፣ ሳቆመው አይቆም። አንዲት ቁራጭ ላስቲክ እንዲህ ታሸንፈኝ ብዬ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። እናቴ መሐረቧን አቀበለችኝ።

አደጋው የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ። እናቴን ይዤ ዘመድ ልንጠይቅ እየሄድን ነበር። የተሰነጠቀውን ክንድ በክር አስሬ፣ ጎማውን እንደገና መስታወቱ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከዚያ የማስታውሰው ኳ የሚል ድምፅ ነው። የግራ ስፖኪዮዬ ተገነጠለ፤ ከፊት ለፊት ይመጣ የነበረ ባጃጅ ቦዩ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተጋደመ። ተሳፋሪ አልነበረውም። ሹፌሩ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ቀጭን ሰው፣ እያነከሰ ወጣ። የባጃጁ የፊት መስታወት ተሰባብሯል፤ የሰውየው ጉልበት ይደማል።

ወርጄ ጮህኩበት። የኮሶዬው ንዴት ሁሉ ወጣ። «ዓይን የለህም? መንገዱ ለአንተ ብቻ ነው የተሠራው?»

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ የገባሽብኝ» አለ ረጋ ብሎ።

ሰው ተሰበሰበ። በዚህኛው ቀን ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ነበር። አሮጊት እናት ይዛ የምትሄድ ሴት ናት፣ እሱ ደግሞ ባጃጅ ነው፤ «ባጃጆች እኮ እንዲሁ ናቸው» ይላል ያላየው ሁሉ። ሰውየው ዙሪያውን አየና በጣቱ ወደ መኪናዬ አመለከተ።

«ካሜራ አላት! ስትመጣ አይቼዋለሁ፤ ካሜራው ይታይ!»

ካሜራው ወለሉ ላይ ነበር። «ወድቋል፤ አልቀረጸም» አልኩ። መቅረጽ አለመቅረጹን አላውቅም ነበር፤ ግን አልኩት። አንድ ሽማግሌ «በል ይቅርታ ጠይቃት፣ ትራፊክ ሳይመጣ ጨርሱ» አሉት። ሰውየው የሚደማውን ጉልበቱን በእጁ ጠረገ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ «ይቅርታ» አለኝ፤ ባጃጁን በሰው እርዳታ አንስቶ እየገፋ ሄደ። እኔ አሸንፌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ማታ ወንድሜ ቤት የካሜራውን ሚሞሪ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትነው። ቀርጿል። መንገዱ ይታያል፤ ከዚያ ካሜራው ወደ ጎን ማዘንበል ይጀምራል፤ ወዲያው የእኔ ቀኝ እጅ እንደ ጥላ መጥቶ ምስሉን ግማሽ ይሸፍናል። ካሜራውን እየደገፍኩ ነው። በጣቶቼ መሀል የመንገዱ ነጭ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ይታያል። ከፊት ለፊት በሚመጡት መስመር ነው የምሄደው። የእናቴ ድምፅ «መንገዱን! መንገዱን እይ ልጄ!» ይላል። ቀጥሎ ባጃጁ፤ ወደ ዳር ሊሸሽ ሲሞክር። ኳ። ከዚያ የመኪናው ወለል ብቻ፣ የእኔም ስድብ።

ወንድሜ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እጁን ማውሱ ላይ አደረገ። «ላጥፋው። ማን አየው?»

«ተወው» አልኩት።

ከጎናችን ወደ ተቀመጠችው እናቴ ዞርኩ። «እማ፣ አይተሽ ነበር። ምነው ያኔ ዝም አልሽ?»

«በሰው ፊት ልጄን ላዋርድ?» አለች። ትንሽ ቆይታ «ከዚያ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወረደም» አለች። እውነቷን ነበር፤ እራቷን ሳትነካ ነው የመጣችው።

በማግስቱ ጠዋት ቪዲዮውን ስልኬ ላይ አስጭኜ በአዘዞ መንገድ ወዳለው የባጃጆች ማቆሚያ ሄድኩ። ሰውየው ያለ ባጃጅ፣ ጉልበቱን በጨርቅ ጠምጥሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ወደ ጎን ጠራሁትና አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አየው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩ።

«ትናንት የሰደብሽኝ በሰው ፊት ነው» አለኝ። «ዛሬ ይቅርታ የምትጠይቂኝ ለብቻዬ ነው?»

መልሴን አልጠበቀም፤ ጓደኞቹን ጠራ። አሥር የሚሆኑ ሹፌሮች ከበቡኝ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው፤ አንዱ «ድገሚው» ይላል፤ ሌላው ምስሉ ላይ እጄ ሲመጣ ይስቃል። ድምፁን ከፍ አድርጊው አሉኝ፤ የገዛ ስድቤን ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ፊቴ እየነደደ ይቅርታዬን ሁሉም እየሰሙ ደገምኩት። ሰውየው «እሺ» ብቻ አለ። ይቅር ብየሻለሁ አላለም።

ባጃጁን ወደ መስታወት ገጣሚ አብረን ወሰድነው። ገጣሚው ከአይከል በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሁሉ አያ እያለ ነው የሚጠራቸው። የባጃጁን መስታወት ሲጨርሱ የእኔን መኪና አዩና እድፉን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ምነው መስታወቱን እንዲህ አበላሸሽው?»

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። ካሜራውን እያገላበጡ ሰሙኝ።

«ጎማ በዚህ አገር አይሆንም» አሉ። «ቤትሽ ጠንከር ያለ አረቄ አለ?»

«አያ፣ እኛ ቤት አረቄ አይገባም።»

«ለመስታወቱ እንጂ ላንቺ ብዬ ነው?» ብለው ሳቁ፤ ባጃጅ ነጂውም ሳቀ፣ በእኔ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ። ከጎረቤታቸው በስኒ አስመጡ።

ሙጫውን ሁሉ በአረቄ አጥበው አነሡት። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመው መስታወቱ ለብ እስኪል ጠበቁ። ከቆርቆሮ ትንሽ ጠፍጣፋ ቆረጡ፤ ሁለት ጠርዙን አጥፈው እንደ መሳቢያ ሐዲድ አደረጉት፤ የውስጡን የኋላ መመልከቻ መስታወት በሚያጣብቁበት ሙጫ፣ ከዚያው መመልከቻ ጀርባ፣ ለዓይኔ በማይከልልበት ቦታ ለጠፉት። የካሜራውንም ክንድ ቆርጠው ጥለው በሐዲዱ የሚገባ ቁራጭ ገጠሙለት። «ዛሬ አትንኪው። ነገ ነው የምትሰኪው። ቆርቆሮው እዚያው ይኖራል፤ ካሜራው ግን ስትፈልጊ ሸርተት ብሎ ይወጣል» አሉኝ። ያን ሁሉ ወር ጎማ ስልስ እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱ አናደደኝ።

አሁን ካሜራው ኮሶዬ ዳገት ላይም፣ ድንጋይ ንጣፉም ላይ አይነቃነቅም። ኬላ ስደርስ በአንድ ጣት አወጣዋለሁ። በባጃጆቹ ማቆሚያ ሳልፍ ለሰውየው እጄን አነሣለታለሁ። አንዳንድ ቀን ይመልስልኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እያየኝ ፊቱን ያዞራል።