የማያምነው ወዳጄና እናቱ የጠየቁኝ ጥያቄ

ይህ የሆነው በ2005 ዓ.ም. አምቦ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ነው። በሥራዬ ምክንያት ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ። የዚህን ወዳጄን ነገር ግን እስከ ዛሬ ከልቤ ማውጣት አልቻልኩም። ከሞቱ ይበልጥ የከበደኝ፣ ለቅሶው ላይ እናቱ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

በዚያን ጊዜ ፌስቡክ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ታናሽ እህቴ ስልኬ ላይ ከፈተችልኝና ከሥራ ስመለስ ጋደም ብዬ ማየት ለመድኩ። አንድ ቀን አማኞችና ኢ-አማኞች በአማርኛ የሚከራከሩበት ቡድን አገኘሁ። ያደግኩት በፕሮቴስታንት ቤተሰብ ነው፤ አባቴ ወንጌላዊ ነበር። እግዚአብሔር የለም ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ ብዬ ገባሁ።

ስድብ ይበዛ ነበር። አንዱ «የሰይጣን ልጅ» ይላል፣ ሌላው «ደንቆሮ» ብሎ ይመልሳል። «ሰው ብቻ» በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ኢ-አማኝ ግን ሲሰድቡት አይሳደብም። «ወንድሜ፣ ስድቡ ይቆየንና ጥያቄዬን መልስልኝ» ይላል። መልስ ሲያጣ «ይሄን ላስብበት» ብሎ ይጠፋና ከቀናት በኋላ የምር አስቦበት ይመለሳል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በእኛም ወገን አላየሁም ነበር።

አንድ ቀን አንዱ አማኝ ነኝ ባይ «ዘርህ ይጥፋ» ብሎ ጻፈበት። አላስቻለኝም። «እኔም አማኝ ነኝ፤ የማመልከው አምላክ ግን ሰው እርገሚልኝ አላለኝም» ብዬ መለስኩ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ ስድቡን አወረደብኝ። ትንሽ ቆይቶ «ሰው ብቻ» በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ላከልኝ፦

«አመሰግናለሁ እህት ዓለም። ነገ ክርክር ላይ ግን አልምርሽም።»

ብቻዬን ሳቅኩ። ወዳጅነታችን በዚህ ጀመረ።

እንዳለውም አልማረኝም። አንዴ «ሕፃን እጅሽ ላይ ሲሞት እያየሽ እንዴት ታምኛለሽ?» አለኝ። እውነቱን ጻፍኩለት። «ባላምን ኖሮ በማግስቱ ሥራ የምገባ አይመስለኝም» አልኩት። ከሁለት ቀን በኋላ «ይሄ ማስረጃ አይደለም፤ ግን እውነትሽን እንደሆነ ይገባኛል» ብሎ መለሰ።

እኔ ደግሞ አንድ መከራ ደርሶበት እምነቱን የጣለ መስሎኝ «ምን ደርሶብህ ነው?» ስል ጠየቅኩት።

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠይቀኝ። ምንም አልደረሰብኝም። ደህና ቤት ነው ያደግኩት። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ማመን አቃተኝ። በቃ ይሄው ነው።»

የት እንደሚኖር አልጠየቅኩትም። መልሱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ውጭ አገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ነርስ መሆኔን ያውቃል፤ እሱም ግን ከተማዬን ጠይቆኝ አያውቅም።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ያለወትሮው «እህት ዓለም፣ ዛሬ ክርክር የለም። እግሬ እያበጠ ጫማ አልገባ አለኝ፣ ፊቴም ጠዋት ጠዋት ያብጣል። ምን ይሆን?» የሚል መልእክት ላከ።

ደነገጥኩ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ሽንትህንና ደምህን ይመርምሩህ፣ ለመሆኑ የት ነህ አልኩት።

«ጊንጪ ነኝ። ጭልሞ ጫካ ውስጥ በደን ባለሙያነት ነው የምሠራው። ጉብታው ላይ ካልወጣሁ ኔትወርክ አይዝልኝም።»

ያ ሁሉ ወር ባሕር ማዶ ነው ብዬ የምከራከረው ሰው በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመለስ ጊንጪ ላይ ወረድኩ። መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ስሙ ለሚ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ረዘም ያለ ልጅ ነው። የዓይኑ ቆብ ተነፍቷል። ቤት ወስዶ ከእናቱ ጋር አስተዋወቀኝ። አዴ ሙሉነሽ ይባላሉ፤ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የኦርቶዶክስ አማኝ ናቸው።

«ኮቱ፣ ሴኒ! ግቢ ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ።

የለሚን ቅልጥም በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። የጎደጎደው ቦታ ቶሎ አልሞላም። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ፊቴን አይቶ እሱም ያወቀ መሰለኝ።

እናቱ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ መስሏቸዋል። «የሃይማኖት ሰው ነሽ አለኝ። እባክሽ ልጄን መልሺልኝ» አሉኝ።

ለሚ ሳቀ። «እማዬ፣ እሷ እኮ ጴንጤ ናት። ብትመልሰኝም ወደ እነሱ ነው።»

«በየትም በኩል ይሁን! ብቻ ይመለስልኝ» አሉ።

እሱ ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በኋላ ሲሸኘኝ፣ እሑድ እሑድ ክንዳቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያደርሳቸውና ቅዳሴው እስኪያልቅ አጥሩ ጋ ተቀምጦ እንደሚጠብቃቸው ነገረኝ። «ሰው ያየኛል፣ ያወራብኛል። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ምርመራው የፈራሁትን አመጣ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ተጎድተዋል። አዲስ አበባ ተልኮ ተኛ። እዚያ ሆኖም ለጥቂት ጊዜ ቡድኑ ውስጥ ይጽፍ ነበር። መታመሙን ግን ለማንም አልተናገረም። «ካወቁ አዝነውልኝ ክርክሩን ይተዉልኛል» አለኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ሆስፒታል ሄጄ ነው። እናቱ ውሃ ሊያመጡ ወጥተው ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ «ልጸልይልህ?» አልኩት።

«ጸልዪ። እኔ ባላምንበትም አንቺ ስለምታምኚበት ደስ ይለኛል።»

ጸለይኩ። ዓይኔን ስገልጥ እያየኝ ነበር።

«ትፈራለህ?» አልኩት።

«ስለ እማዬ እፈራለሁ።»

ከዚያ መጠየቅ የማይገባኝ የመሰለኝን ጠየቅኩት። «ሐሳብህ ተለውጧል?»

ራሱን ነቀነቀ። «አልተለወጠም እህት ዓለም። ቢለወጥ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነበር።»

ብዙም ሳይቆይ አረፈ። አንድ የሥራ ባልደረባው ቡድኑ ውስጥ ጻፈው። አንዳንዱ «አሁን እውነቱን አወቃት» አለ። አንዳንዱ በመጨረሻው ሰዓት አምኗል ብሎ አወራ። ሲከራከሩት ከኖሩት አማኞች ጥቂቶቹ ግን ነፍስ ይማር ብለው፣ ጨዋ ሰው እንደነበር መሰከሩ። እኔ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጊንጪ ሄድኩ።

ድንኳኑ ሞልቷል። ወጣቶቹ ውጭ ቆመው «ቄሶቹ መጀመሪያ አንቀብረውም ብለው ነበር» እያሉ ያወራሉ። ሴቶቹ አዴ ሙሉነሽን ከብበው «አይዞሽ፣ ተናዞ ነው የሞተው፣ በሰላም ነው የሄደው» እያሉ ያጽናናሉ። እሳቸው ሲያዩኝ ተነሡ፤ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ፣ ለሚ ይተኛበት ወደነበረው ክፍል አስገቡኝና በሩን ገፋ አደረጉት።

«ሲስተር፣ ከአንቺ የሚደብቀው አልነበረም። እውነቱን ንገሪኝ። ተመልሶ ነበር?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ማን ይከሰኛል? አንዲት ቃል ብተነፍስ እኚህ ሴት ያቺን ሌሊት ይተኛሉ። ግን ዓይናቸውን እያየሁ አልሆንልኝ አለ።

«አልተመለሰም፣ እማማ። ጠይቄው ነበር። እስከ መጨረሻው ያው ነበር» አልኳቸው።

የሚጮሁ መሰለኝ። አልጮሁም። አልጋው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ከጠዋት ጀምሮ የገባው ሁሉ ተናዘዘ ይለኛል። ለእኔ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። ግን የሚያወሩልኝ ሰው ልጄ አልመስል አለኝ። አሁን አንቺ የነገርሽኝ ነው ልጄ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከነጠላው ሥር ድምፃቸው እየተቆራረጠ ወጣ።

«ታዲያ እኔ የት አገኘዋለሁ?»

የወንጌላዊ ልጅ ነኝ። ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቡድኑ ውስጥም ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን አፌ ላይ አልመጣም። ከጎናቸው ተቀምጬ አቀፍኳቸው፤ ሁለታችንም አለቀስን። ከውጭ ሰው መጥቶ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ እንደዚያው ነበርን።

አዴ ሙሉነሽ አርባውን ሲያወጡ ጠሩኝ። በእኛ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ለሞተ ሰው ተዝካር አይወጣም፣ አይጸለይምም። ባለቤቴ ቅር እያለውም ሄድኩ። እሳቸው ለልጃቸው ነፍስ ሲለምኑ ዳር ቆሜ አየሁ። ቀናሁባቸው። እሳቸው ቢያንስ የሚያደርጉለት ነገር አላቸው።

ወደዚያ ቡድን አልተመለስኩም። ክርክሩን ጠልቼው አይደለም። እንደ እሱ የሚያዳምጠኝ ሰው አጣሁ እንጂ። እምነቴ አለ፤ እሑድም አልቀርም። የማያምኑ ሰዎች የት ይሄዳሉ የሚለው ነገር ሲነሣ ግን እንደ ድሮው ቶሎ አልናገርም። ሰዎች ዝምታዬን ያዩታል፤ ምን ሆና ነው እንደሚሉም አውቃለሁ።

አሁንም ስጸልይ ስሙ አፌ ላይ ይመጣል። እንደ ሃይማኖቴ ማቆም ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። ምን ብዬ እንደምለምንለት አላውቅም። «ለሚ» እላለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ።