ከውስጥ የሚከፈት አልጋ

አናጢውን ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል። በር ሲገጥምም ሆነ ቁም ሳጥን ሲሰራ «አንድ ሚሊ ቀረው» ሳይል ስራ ጨርሶ አያውቅማ። ሚስቱ ስትቀልድበት፣ ሲጋቡ እንኳ ቀለበቱን ጣቷ ላይ ካጠለቀ በኋላ ክፍተቱን ዞር ዞር አድርጎ አይቶታል ትላለች። ይህ ሰው በዕድሜው ስንት አልጋ ሰርቷል፤ የሙሽራ፣ የሕፃን፣ ተደራራቢ። የአማቱን አልጋ ያህል ያላበው ግን የለም።

አማቱ ደረጃ ላይ ወድቀው ከወገባቸው በታች አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ እሱ ቤት፣ ከወርክሾፑ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ክፍል ይተኛሉ። እጃቸው ደህና ነው፤ ምላሳቸውማ ታሞ አያውቅም። ከአማቻቸው ጋር ግን እንደ ባዕድ ነበሩ። ሲገባ ሻርፓቸውን ሳብ አድርገው፣ «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጃቸው ወገቧን ስለሚያማት ብቻዋን ልታነሳቸው አትችልም። እሱ በብብታቸው ይዞ ከፍ ያደርጋቸዋል፣ እሷ ፖፖውን ከስር ታስገባለች። እሱ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ይተክላል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የልጅ ባል ነውና፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስታቸው ነበር።

መፍትሔውን ያገኙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ውሃ መጠጣት ተዉ። ብርጭቆው ጠዋት እንደ ሞላ ይቀርባል፣ ማታ እንደ ሞላ ይነሳል። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ፣ ትኩሳት ተከተለ። አንዲት ሐኪም መጥታ መረመረቻቸውና፣ በዚህ ከቀጠሉ ኩላሊታቸው እጅ እንደሚሰጥ ለባልና ሚስቱ ደጅ ላይ ነገረቻቸው። መድኃኒት አዘዘች፤ ዋናው መድኃኒት ግን ውሃ ነው ብላ ሄደች።

ሚሊ የዚያኑ ቀን የጀመረውን ቁም ሳጥን ትቶ የአልጋ እንጨት መቁረጥ ያዘ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፍራሹ ከመቀመጫቸው ስር ክብ ሆኖ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ስፖንጅ ላስቲክ ለብሶ ጣውላ ላይ ይቀመጣል። እጀታው ሲሳብ ጣውላው ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ከስር ፖፖው ይጠብቃል። የሚያነሳ የለም፣ የሚያቅፍ የለም። እጀታውን ለአስታማሚ እንዲመች ብሎ በእግርጌ በኩል ገጠመው።

አልጋው ገብቶ ከአሮጌው ጎን ቆመ። አማቱ አዩት፣ መረቁት፣ እኔ እዚሁ ይሻለኛል አሉ። ልጃቸው ለመነች፣ ተቆጣች፤ ወይ ፍንክች። ሚሊ ሆድ ባሰው። ነገሩ የልክ ጉዳይ ይሆናል ብሎ ሜትሩን አወጣ፤ ሜትሩ ምንም አልነገረውም። በመጨረሻ ራሱ ሊሞክረው ቆረጠ። እግሩ እንዳያግዘው ጉልበቱን በገመድ አስሮ ጋደም አለ፤ ሚስቱ እጀታውን ሳበች። ቀዳዳው የተለካው ለአማቱ ነው፤ እሱን ደግሞ ፈጣሪ ከወገቡ በታች ሳይሰስት ነው የፈጠረው። መቀመጫው ስርጉድ ብሎ ገባና እዚያው ቀረ። ልክ በዚህ ጊዜ የውጭው በር ተንኳኳና ሚስቱ «መጣሁ» ብላ ወጣች። ያንኳኳችው ጎረቤት ናት፤ ለጎረቤት ደግሞ «መጣሁ» የሚባለው እንዲያው ለወጉ ነው።

ሚሊ ሊነሳ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ወደ እጀታው ተንጠራራ፤ እጀታው እግርጌ ነው። ቀና ሲል አማቱ ከአልጋቸው ሆነው ትክ ብለው ያዩታል። ሱሪው ላዩ ላይ ነው፣ ቀበቶውም አልተፈታም፤ ቢሆንም እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«እማማ፣ እባክዎ ፊትዎን ትንሽ ያዙሩልኝ» አለ።

አማቱ አላዞሩም። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ ክፍል ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ በሳቀ ቁጥር ደግሞ ይብስ ሰመጠ።

«ያልተነካ ግልግል ያውቃል» አሉ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እስቲ አሁን ሚስትህን ጥራት።»

ሊጣራ አፉን ከፈተ። ጎረቤቷ በር ላይ ናት፤ ምን ብሎ ይጥራት? አፉን መልሶ ዘጋው።

«አየህ ልጄ? እኔን የገደለኝ ይኸው ነው» አሉ። አሁን አይስቁም። «ልጄ ብታጥበኝ አይከብደኝም፤ እኔም አጥቤ ነው ያሳደግኳት። አሁን መጣብኝ ብሎ መናገሩ ነው ያቃተኝ። በቀን ስንቴ ልናገር? አልጋህ ጥሩ ነው። ግን እጀታው እኔ ጋ አይደለም።»

ልጄ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። ሚሊ እዚያው ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ የት ቢሆን እንደሚሻል ጠየቃቸው፤ በቀኝ በኩል፣ ከትራሱ ዝቅ ብሎ አሉት። የመታጠቢያው ውሃስ? የሚችሉትን ያህል ራሳቸው ቢታጠቡ ይመርጣሉ። መጋረጃስ? እሱማ ይጠየቃል እንዴ። ሚስቱ ጎረቤቷን ሸኝታ ስትመለስ፣ ባሏ እግሩ እንደ ታሰረ፣ እናቷ በክርናቸው ደገፍ ብለው፣ ስለ መጋረጃ ገመድ ሲከራከሩ አገኘቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ስራው የሁለት ሰው ሆነ፤ እሱ ይሰራል፣ እሳቸው ያርማሉ። እጀታው ወደ ቀኝ እጃቸው መጣ። ከራስጌ ጄሪካን ተሰቀለ፣ ከእሱም ቀጭን ጎማ ወረደ፣ መክፈቻው እጃቸው ስር ሆነ። የመጋረጃውም ገመድ እንዲሁ። ወደ ፖፖው ሲደርሱ ግን ሚሊ መሮ አንስቶ ግድግዳውን መብሳት ጀመረ። ሚስቱ፣ ሰውዬው ቤቴን ሊንድብኝ ነው ብላ ጮኸች። እሱ የፈለገው የፖፖው መሳቢያ በኮሪደር በኩል እንዲወጣ ነው፤ ማንም ክፍሉ ሳይገባ፣ ማንም ሳይጠራ፣ እንደ ተከደነ እንዲወሰድ። ሲሞክሩት አማቱ እጀታውን ሳቡት፣ መለሱት፣ ደግመው ሳቡትና፣ «አንድ ሚሊ ቀረው» አሉ። እውነትም ቀርቶት ነበር።

በአዲሱ አልጋ ከተኙ በኋላ ያስቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚሊ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሿሿ በግድግዳው በኩል በሰማ ቁጥር፣ እንዳይሳቀቁ ብሎ የእንጨት መላጊያ ማሽኑን ያስነሳል። ጥቂት ቀን ታገሱና አስጠሩት።

«ልጄ፣ ያን ማሽንህን ተወው» አሉት። «እኔ በዝምታ የምጨርሰውን አንተ ለሰፈሩ ሁሉ እያወጅክብኝ ነው።»

ሚሊ እየሳቀ ሊወጣ ዞረ። አማቱ ከጎናቸው የነበረውን ባዶ ብርጭቆ አንስተው ዘረጉለት። ከእሱ እጅ የሚጠጣ ነገር ጠይቀው አያውቁም ነበር። ከጆጉ ቀዳና፣ እንደ ልማዳቸው ትንሽ የሚጠጡ መስሎት ግማሹ ላይ ሊያቆም ሲል፣

«ሙላው» አሉ።

ሞላው። እሱ ቆሞ እያየ፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻው ጠጡት።