ከኮከብ ለወረደው ሰው የጨመርነው ወተት

ቁጭ በሉ እንግዲህ! አንተ እግርህን ሰብስብ፤ አንቺም ሰኚ፣ እስክሪብቶውን መንከስ ትተሽ የምልሽን ጻፊ። የአባትሽ ነገር ነው። ያቺ ቀን ትዝ ስትለኝ ዛሬም ክው ነው የምለው።

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ በንጉሡ ዘመን፣ ነቀምት ባኬ ጃማ ከቤታችን አጠገብ ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃፋቸው ላይ እንኮለኮላለን፤ እሳቸውም የከሰል ካውያቸውን ከፍተው ፍሙን እፍ ሲሉት ፊታቸው ቀልቶ፣ ከእርጥቡ ካኪ የሚነሳው እንፋሎት ከፋኖሱ ጭስ ጋር አፍንጫችንን ሞልቶት፣ ያኔ ወሬያቸውን ይጀምራሉ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ። ሌላው ሰው የጅብና የቀበሮ ተረት ነው የሚያወራው። የሳቸው ግን ከኮከብ ስለወረደ ሰው ነበር! አንድ አስተማሪ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ከመጽሐፍ ያወራላቸውን፣ እሳቸው አምጥተው እዚያው አጠገባችን ጉቴ፣ በቆሎ ማሳ ውስጥ አወረዱት።

«አንዲት ባልቴት በቅል ወተት ሰጡት» ይላሉ። «‹ልጨምርልህ?› ቢሉት ቅንድቡን ወደ ላይ፣ አፉን ከፈት፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ‹ህእ!› አላቸው።»

እኛ ዘንድ እሺ ማለት ይኸው አይደል? ቅንድብ ከፍ፣ ትንፋሽ ሳብ፣ አለቀ። «እሺ ብሏል! ይጨመርለት!» ብለን እንጮሃለን።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ የኮከብ ሰው እሺ ሲል እንደናንተ መሆኑን ማን ነገራችሁ? አንቆትስ ቢሆን?»

እኔ ምላሴ ረጅም፤ «ፊት እኮ ፊት ነው! ዓይንና አፍ ካለው እሺ ነው ያለው!»

«በይ እንግዲህ፣ አንቺ ካልሽ» ይሉና አንድ ቅል ያስጨምሩለታል። በማግስቱም ሌላ ቅል። ሁሉንም ያስጨመርኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ገመቹ፣ ያንቺ አባት፣ ታመመ። ገና ጡት የሚጠባ ልጅ ሰውነቱ እንደዚያ ካውያ ነደደ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ይገለበጥ ጀመር። እናቴ አዝላው፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ እየሮጥን የፈረንጆቹ ክሊኒክ ደረስን። ያገኘናት ሲስተር ከአገሯ ከመጣች ሳምንትም አልሞላት። መርፌውን አዘጋጅታ «መርፌ፣ እሺ?» አለች ወደ እናቴ።

እናቴም በጣም እሺ ብላ ቅንድቧን ሰቅላ ትንፋሿን ሳበች፤ «ህእ!»

ሴትዮዋ መርፌውን ጣል! ልጁን ለእኔ አስታቅፋ እናቴን ትከሻዋን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፣ ደረቷን በማዳመጫ ታዳምጣለች። እናቴ ግራ ገባት። ልጁ ይወጋልኝ ለማለት አሁንም «ህእ! ህእ!» ትላለች። እሷ ህእ ባለች ቁጥር ሲስተሯ የባሰ ትደነግጣለች፣ ውሃ ታመጣለች፣ ሰው ትጣራለች! ገመቹ ደግሞ ጉልበቴ ላይ ሆኖ ማልቀሱን ተወ። ዝም አለ። የዚያ ዝምታ ድንጋጤ፣ ልጆች፣ አይጻፍም።

ያኔ ነው እንደ መብረቅ የመታኝ። ይቺ ሴት ሁለት ዓይን አላት፣ አፍ አላት፣ ከኮከብም አልወረደችም፤ ግን የእናቴ ፊት አልገባትም! ታንቃለች ብላ ነው!

«እሺ ነው ያለችው!» ብዬ ጮህኩ። «አልታነቀችም፣ ትንፋሿ ነው እሺ የሚለው! አዎ! ውጊው!»

ሲስተሯ አየችኝ፤ ፊቷ ፍም መሰለ። ተቆጣች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለካ አፍራ ነው። ሌላ መርፌ አዘጋጅታ ወጋችው፤ ትንሽ ቆይቶ ገመቹ እሪ አለ። እንደዚያች እሪታ ደስ ያለኝ ነገር የለም። ይኸው አባትሽ ዛሬም እሪታውን አልተወም፣ ይቺን ጻፊያት።

እኔ ግን ደስታዬን አልጨረስኩትም። ከእናቴ እጅ አምልጬ ኦቦ ዲንቃ ጋ በረርኩ። «ወተቱን አስቁሙልኝ! ሰውዬውን አንቆት ነው!»

የስፌት መኪናቸውን መርገጥ አቆሙ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እያለቀስኩ። «ያን ሁሉ ቅል... ገደልነው እንዴ ኦቦ ዲንቃ?»

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ለመጣ ሰው ፊቱን አይቼ ብቻ ጨምሬለት አላውቅም፤ እጠይቃለሁ፣ በአፉ እስኪመልስልኝም እጠብቃለሁ። የሳቸው መልስ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። የሚሰፉትን ጨርቅ ከእጃቸው አስቀመጡ፣ ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ፣ አፋቸው ከፈት አለ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ «ህእ!» አሉኝ። ታዲያ አዎ ገደልነው ማለታቸው ይሁን፣ ወይስ እሳቸውም እንደኔው ደንግጠው... ወዬ! ማነው? እንግዳ? ኧረ መጣሁ! ወተቱን ዝም ብላችሁ እንዳትቀዱለት፣ መጀመሪያ ጠይቁት፣ በአፉ እሺ እስኪ—