ሰውነትዎ ይለምደዋል

ዙሪክ አጠገብ ባለው ቪንተርቱር ሆስፒታል በአማርኛ አስተርጓሚነት የገባሁ ዕለት አለቃዬ የነገረችኝ ሕግ አጭር ነበር፦ «በሽተኛው ‹እኔ› ካለ አንቺም ‹እኔ› በይ። ከራስሽ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።» የተቀጠረው አፌ ብቻ ነው ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ጄኔቭ ላይ ለአስተርጓሚዎች ሥልጠና ሰጠ። ምሳው ግሩም ነበር። ስለ አዲሱ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያስረዳን ሰውዬ፣ «‹ሱስ› የሚለውን ቃል ተዉት፤ በሽተኛ ያስደነግጣል። ‹ሰውነት ይለምደዋል› በሉ» አለን። አማርኛችን ለዚህ የተመቸ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እማማ አስካለ ሽሊረን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በጽዳት ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ወገባቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ሐኪሙ ያንኑ ክኒን አዘዘላቸው። በጀርመንኛ በግልጽ «ሱስ ሊያስይዝ ይችላል» አለ። እኔ «ሰውነትዎ ሊለምደው ይችላል» አልኳቸው።

«እሰይ፣ ይልመደው እንጂ። ሰውነት ያልለመደው መድኃኒት ምን ያደርጋል?» አሉ።

ሐኪሙ ሲስቁ አይቶ ገብቷቸዋል አለና ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ።

በዓመቱ ቪዲኮን ትራም ፌርማታ ላይ ከልጃቸው ከሳራ ጋር አገኘኋቸው። ከስተዋል። እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ያ ክኒን ካንቺ ዘንድ ይጠፋል? ሐኪሙ ከለከለኝ» አሉ። ለመሳቅ እየሞከሩ ደግሞ፣ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አሉኝ። ሳራ እዚሁ የተወለደች ናት። አንገቷን ደፍታ፣ «እማዬ ጎረቤት ሁሉ ክኒን ትጠይቃለች። ክራንክ ናት» አለች፤ በጀርመንኛ «በሽተኛ ናት» ማለቷ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሳራ በኩባንያው ላይ አቤቱታ አቀረበች። ዙሪክ ላይ ለድርድር ሲቀመጡ እማማ አስካለ «ከሷ በቀር ሌላ አላምንም» ብለው እኔኑ አስጠሩ። የኩባንያው ጠበቃ፣ ሱስ እንደሚያስይዝ ተነግሯቸው እንደሆነ ጠየቀ። ተረጎምኩ። «ሱስ» የሚለው ቃል ያኔ ገና ከአፌ ወጣ።

እማማ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «ሱስ? እሷ ይለምደዋል ነው ያለችኝ።»

በሕጉ መሠረት ተረጎምኩ፦ «አስተርጓሚዋ ‹ሰውነትዎ ይለምደዋል› ነው ያለችኝ።» የጠበቃው ፊት በራ። «እንግዲያው ጥፋቱ የአስተርጓሚዋ ነው» አለ።

ይህንንም ለእሳቸው ተረጎምኩ። ከዚያ ከራሴ ጨመርኩ፤ «ቃሉን ያስተማረኝ የእናንተ ኩባንያ ነው። ለእሳቸው የነገርኳቸው ግን እኔ ነኝ» አልኩ፣ በጀርመንኛም በአማርኛም። እማማ አስካለ ቀና ብለው አላዩኝም።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ አልተጠራሁም። በእኔ ቦታ ለተተካችሁት አስተርጓሚዎች የምላችሁ ይኸው ነው፦ ሱስን ሱስ በሉት። በሽተኛው ይደንግጥ።